አርባ አንዱ ሴሎች

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንድ በርጩማ ያልተነሣች ሴት ነበረች። የበርጩማው ቆዳ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ እሷ ግን ያችው ናት። ሥራዋ ደም ማየት ነው። ጠብታዋን በመስታወት ላይ ስባ፣ ቀለም አጠጥታ፣ አድርቃ ከማይክሮስኮፑ ሥር ታስገባለች። ከዚያ ነጩን ሴል ከቀዩ፣ ደኅናውን ከታመመው እየለየች ትቆጥራለች። ግራ እጇ የመቁጠሪያዋን ቁልፍ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ያ ድምፅ በድንገት ሲቋረጥ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። አንድ ነገር አግኝታለች ማለት ነውና።

ባልደረቦቿ «አራት ዓይና» ይሏታል። ግማሹ ቀልድ ነው፤ በራሷ ሁለት ዓይን ላይ የማይክሮስኮፑ ሁለት ሲደረብ አራት ይሞላል። ግማሹ ግን የምር ነው። ሐኪሞቹ ነገር ሲጠናባቸው «አራት ዓይና ምን አለች?» ብለው ይጠይቃሉ እንጂ ወረቀቱን ገልጠው አያዩም። አንድ ጊዜ ስሙ የገነነ ስፔሻሊስት «ደም ማነስ» ብሎ የላከውን ሰው «ደም ማነስ አይደለም፣ ወባ ነው፤ ያውም ሁለት ዓይነት» ብላ መለሰችለት። ስፔሻሊስቱ ተቆጥቶ ወረደ፤ በማይክሮስኮፑ ካየ በኋላ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ይህን ታሪክ እሷ ራሷ አታወራውም፤ ሌላው ሲያወራው ግን አታቋርጠውም።

ቤተሰቧ አንድ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ሃያ፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አባታቸው ከዚያ በፊት ሞቷል። አንድ ፈላጊ መጥቶላት «ልጁ ለዘመድ ይሰጥና እንጋባ» ቢላት፣ «እኔ ምኑ ሆኜ ነው ለዘመድ የሚሰጠው?» ብላ አሰናበተችው። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልመጣም። ወንድሟን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። እሱም የከተማ አውቶብስ ሹፌር ሆነ። ጓደኞቹ «ጡሩምባ» ይሉታል። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አንዴ ከጮኸ መንገድ ይከፈትለታል፣ የመኪናው ጡሩምባ ቢበላሽም አይቸግረውም ይባላል። ዝምተኛ ሚስትና ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። እህቱን «እታለም» ይላታል። እሷም በሰው ፊት «ወንድሜ» ትለዋለች እንጂ በልቧ «ልጄ» ነው።

የመሣሪያው ነገር የመጣው በሃያ ስምንተኛው የሥራ ዓመቷ ነው። ይዞት የመጣው ከሲታ ወጣት ኢንጂነር ነበር። ሲናገር እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ ዓይነት ልጅ ነው። ከሳጥኑ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል፣ እንደ ጎማ የምትለጠጥ ግልጽ ነገር በቀጭን መስታወት ላይ እንደተጣበቀች አወጣና ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። ቺፕ ነው ስሟ።

«እትዬ፣ ይህ እንደ ወንዝ ነው» አላት። «ውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉ። ደሙን ፓምፑ ቀስ ብሎ ይገፋዋል። ጤነኛው ሴል ትንሽና ልል ስለሆነ ሾልኮ ይሄዳል። የታመመው ትልቅና ደረቅ ነው፤ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ወደ ዳር ይገፋና በሌላ በር ይወጣል። ያውም አንድ ጠብታ አይደለም፣ አንድ ሙሉ ቱቦ ደም ነው የሚያበጥረው።»

«ከዚያስ?»

«በዳር በር የወጣውን እንቆጥራለን። ከአሥር በላይ ከሆነ ያ ሰው ደሙ ታሟል ብለን እንጠረጥራለን። የደም ካንሰር ገና ሳይስፋፋ፣ ሰውየው ገና ምንም ሳይሰማው።»

«ከወጡ በኋላ ማን ነው የሚያያቸው?»

«እርስዎ ነዎት። መሣሪያው የሚለካው በእርስዎ ዓይን ነው። ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ የእርስዎ ቃል ይጸናል።»

ይህን ስትሰማ ለዘብ አለች።

መሣሪያውን የሚፈትነው ጥናት መቶ ስልሳ ሰው ይፈልጋል፤ ሰማንያው መታመማቸው የታወቀ፣ ሰማንያው ጤነኞች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መከራ ነበሩ። ደሙ ቦዩ ውስጥ ይረጋል፣ አየር ይገባበታል፣ ቺፑ ይደፈናል። ኢንጂነሩ ፀጉሩን ይነጫል። እሷ ሦስት ቀን ዝም ብላ አየችውና በአራተኛው ቀን ቱቦውን ከእጁ ቀማችው።

«ደም እንደ ሽሮፕ አይናጥም፣ ልጄ። ትንጠዋለህ፣ ይሰበርብሃል፤ ከዚያ ቺፔ ተደፈነ ትላለህ። እንዲህ ነው» አለችና ቱቦውን በሁለት መዳፏ መካከል ቀስ አድርጋ አንከባለለችው። ከዚያ ቀን ወዲያ መደፈኑ በግማሽ ቀነሰ። ልጁ ቁርሷን ሳይቀር ይዞላት መምጣት ጀመረ። እሷም ሳታስበው ወደደችው።

እንዲህ እንዳለ ነገሩን ያበላሸው ኃላፊው ነው። ኃላፊው አብሯት የተማረ፣ ኋላ ወደ ቢሮ የወጣ ሰው ነው። እንግዶች ይዞ ላብራቶሪውን ሲያስጎበኝ ቺፗን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ «ይህቺ ከተሳካች የአራት ዓይና በርጩማ ታርፋለች» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። ኢንጂነሩ መሬት መሬት አየ። እሷም ሳቀች፤ አለመሳቅ መሸነፍ መስሏት። ግን ነገሩ እንደ እሾህ ውስጧ ቀረ። ሃያ ስምንት ዓመት ጎብጣ ያየችው ደም ሁሉ በአንድ አውራ ጣት በምታህል ጎማ ሊተካ ነው? ማታ ቤቷ ገብታ ምግቧን አቅርባ ሳትበላው አነሣችው።

ከዚያ በኋላ መሣሪያውን የምታየው እንደ ሥራ ጓደኛ ሳይሆን እንደ ባላንጣ ሆነ። ዕድሏ ሆኖ መሣሪያውም ስህተት ይሠራ ጀመር። አንዲት ነፍሰ ጡር «ታማለች» አለ፤ እሷ አይታ «እርግዝና ነው» አለች። ቶንሲሉ ያበጠ ተማሪ «ታሟል» አለ፤ «ቶንሲል ነው» አለች። አንድ ጥርሱን ያስነቀለ ዘበኛም እንዲሁ። ሦስቱም በሌላ ምርመራ ተረጋገጡ፤ እሷ ልክ ነበረች። በሦስቱም ቅጽ ላይ «የመሣሪያው ስህተት» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ስታደርግ እርሳሷን ጠበቅ አድርጋ ነበር። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ጥናቱ ሊያልቅ ሲል የጤነኞች ቁጥር ጎደለ። ሠራተኛው ሁሉ ዘመድ ወዳጁን እንዲያመጣ ተለመነ። እሷም ወንድሟ ጋ ደወለች።

በምሳ ሰዓቱ መጣ፤ የሹፌር ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ገና ከደረጃው ላይ ድምፁ እየቀደመው። «የት አለች እህቴ፣ ደም መጣጯ!» ላብራቶሪው ሁሉ ፈገግ አለ። ስለ ቺፑ ሲነገረው «እንደኔ አውቶብስ ነዋ! ቀጭኑ በፊት በር ይገባል፣ ወፍራሙ ይጣበቅና በኋላ በር ይወርዳል» አለ። እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ደሙን የቀዳችው እሷ ናት።

«ከስተሃል ልበል?» አለችው መርፌውን እያወጣች።

«ጉንፋን ነው። ሁለት ሳምንት ሆነው አልለቅ ብሎኛል። መሪው ላይ ድካም ድካም ይለኛል።»

«ሙቅ ነገር ጠጣ። መስኮት ከፍተህ መንዳቱንም ተው።»

«መስኮት ከዘጋሁማ ማን ይሰማኛል?» ብሎ ግንባሯን ስሞ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ወረቀቱን ይዞ ከአጠገቧ ቆመ። ዳር ዳር ይላል፣ አይናገርም።

«ምን ሆነሃል? ተናገር እንጂ።»

«እትዬ፣ የወንድምዎ… አርባ አንድ ወጣ።»

በመስታወት ላይ የሳበችውን ጠብታ አየች፤ ንጹሕ ነው። ሁለት መቶ ሴል ቆጠረች፤ አንድም የሚያጠራጥር የለም። ከዚያ በዳር በር የወጡትን አርባ አንዱን አስቀረበች። ተለቅ ተለቅ ያሉ ናቸው። አስኳላቸው ላላ ያለ፣ ዙሪያቸውን ቀጭን ሰማያዊ ጠርዝ የከበባቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል አየቻቸው። አንድ ሁለቱ ጋ ስትደርስ እጇ ከቁልፉ ላይ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ቀና አሉ። ከዚያ ቀጭ ማድረጓን ቀጠለች።

«የጉንፋን ናቸው» አለች። «ሰውነቱ ከጉንፋን ጋ ሲታገል ነጩ ሴል እንዲህ ያብጣል። ያ የቶንሲሉ ልጅ ጋ አላየህም?»

«አይቻለሁ። ግን የእሱ አሥራ አራት ነበር። ለማንኛውም ሁለት ሳምንት ቆይተን እንድገመው? ቅጹ ላይ ሳጥኑ አለ፤ ‹ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል› የሚል።»

«ልጄ፣ ወንድሜን እኔ አላውቀውም? ድንጋይ በልቶ የሚፈጭ ሰው ነው።»

«ወንድምዎንማ ያውቁታል፣ እትዬ። ደሙን ግን…»

«ደሙም ደሜ ነው!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ልጁ አንገቱን ደፋ። እሷም «የመሣሪያው ስህተት» የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና ፈረመች።

ኋላ ያን ከሰዓት በኋላ ሺህ ጊዜ መልሳ መላልሳ አይታዋለች። ኃላፊው ባይቀልድባት ኖሮ? ሦስቱን ተከታትላ ባታሸንፍ ኖሮ? ደሙ የባዳ ቢሆን ኖሮስ? የባዳ ቢሆን ያለ ጥርጥር «ይደገም» ትል ነበር። ለማያውቁት ሰው መጠንቀቅ ቀላል ነው።

ጥናቱ ተጠናቀቀ። ሪፖርቱ መሣሪያው ጤነኛ ሰዎችን በከንቱ እንደሚያስደነግጥ ጠቅሶ ለሥራ አልደረሰም አለ። በከንቱ ካስደነገጣቸው አምስት ሰዎች አንዱ ወንድሟ ነው። ሥራው ቆመ፤ ፓምፑና የተረፉት ቺፖች ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፉ። ኢንጂነሩ ሲሰናበታት «ከእርስዎ ብዙ ተምሬያለሁ» አላት። ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፍ «በርጩማሽ ተረፈች!» ብሎ ጮኸላት። እሷም ሳቀች። ያኔ እውነተኛ ሳቅ ነበር።

ወንድሟ ደም በሰጠ በሰባተኛው ወር ሚስቱ ደወለች። ይህች ሴት መዋዕለ ሕፃናት የምትሠራ፣ ከድሮም ሥራ እንጂ ወሬ የማትወድ ናት። «እትዬ፣ አፍንጫው ደም እየፈሰሰ አልቆም አለ። አውቶብሱን ዳር አቁሞ ተሳፋሪ ነው ያመጣው» አለች። ሆስፒታል ሲደርሱ አየችው። ክንዱ ላይ፣ መሪ ሲያዞር የሚደገፍበት ቦታ፣ እንደ መዳፍ የሰፋ ሰማያዊ ብልዝ አለ። ድዱ አብጧል። ያ ድምፁ ግማሹ የለም።

ደሙን ለሌላ አልሰጠችም፤ ራሷ ሳበችው፣ ራሷ ቀለም አጠጣችው። ከማይክሮስኮፑ ሥር እንዳስገባችው መቁጠር አላስፈለጋትም። ሜዳው ሞልቷል። ላላ ያለ አስኳል፣ ቀጭን ሰማያዊ ጠርዝ። ፊታቸውን አወቀችው። ያን ጊዜ አርባ አንድ ነበሩ፤ አሁን ቁጥር የላቸውም። ቆይታ እርሳሷን አነሣችና ውጤቱን በገዛ እጇ ጻፈች።

ሐኪሙ ለእሷና ለሚስትየዋ አንድ ላይ ነገራቸው። «ይህ ዓይነቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ገና ጥቂት ሳለ፣ የዛሬ ስድስት ሰባት ወር ቢያዝ፣ መድኃኒቱ ያሸንፈው ነበር ይሆናል። አሁን… እንሞክራለን።»

ሚስትየዋ ወደ እሷ ዞረች። «እትዬ፣ የዛሬ ሰባት ወር እርስዎ ዘንድ ደም ሰጥቶ አልነበረም እንዴ?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ያኔ ንጹሕ ነበር» አለች።

ሚስትየዋ አመነቻት። ያላመነ ማን ነበር? ሃያ ስምንት ዓመት የታመነች ሴት ናት።

ወንድሟ አልጋ ከያዘ በኋላ በየቀኑ በምሳ ሰዓቷ ወደ ላይ ትወጣለች። ሦስት ሳምንት ዝም አለች። በአራተኛው፣ ሚስቱ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ልታመጣ በሄደችበት ሰዓት፣ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ «አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አለችው።

«ሳልሞት ንገሪኝ እንግዲህ» ብሎ ሳቀ።

ነገረችው። ሳትቀንስ፣ ሳትጨምር። እሱ ጣሪያውን እያየ ሰማት።

«ስንት ነበሩ አልሽኝ?»

«አርባ አንድ።»

«የኔ አውቶብስ በወንበር ብቻ አርባ አራት ይጭናል። ሦስት ቦታ ተርፎ ነበር በይኛ።»

ልትስቅለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ቆይቶ፣ «ያ ልጅ ይደገም ብሎሽ ነበር?» አላት።

«ብሎኝ ነበር።»

«ለምን እንቢ አልሽው?»

«አላውቅም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ። አንተ እንድትታመምም አልፈለግሁም።»

«እታለም፣ ልጅ ሆኜ እጄን ይዘሽ መንገድ ስታሻግሪኝ፣ ግራ ቀኙን ሁለት ጊዜ ነበር የምታዪው። መኪና ባይኖርም ሁለት ጊዜ። እንዴት ያሳፍረኝ ነበር፤ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ለሚስቴ እንዳትነግሪያት። እኔ ስሄድ ልጆቹን የምትይዙት ሁለታችሁ ናችሁ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ እንዳትመጣ አልከለከላትም። ቀልዱንም አልተወም። ደሙን ግን ሌላ ሰው እንዲቀዳለት ጠየቀ። «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አላት። እጇ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ማስተካከል የሚቻለውን እንኳ ላስተካክል ብላ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣች። «ያ ቅጽ ስህተት ነው» አለችው። «መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይታረም። ምናልባት ሥራውን መልሰው ይጀምሩታል።»

ኃላፊው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «ጥናቱ ተዘግቷል፣ ተፈርሞ ሄዷል። አሁን አንቺ ‹ተሳስቼ ነበር› ብትዪ ምን ይባላል? ሌሎቹንም መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ማን ያምናል? ሃያ ስምንት ዓመት ያየሽውንስ? ስምሽን አታበላሺ።»

«የኔን ስም ተወው።»

«የሆስፒታሉንም ስም ማለቴ ነው» አለ ሰውየው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንድምሽን እግዜር ይማርልሽ። ይህን ነገር ግን እዚሁ እንተወው።»

ኢንጂነሩን ፈልጋ አገኘችው። በአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ ይጠግናል። እሷን ሲያይ ደንግጦ ወንበሩን ለቀቀላት። ጨርሳ እስክትነግረው ድረስ የያዘውን ብሎን በጣቱ ያሽከረክር ነበር።

«የአርባ አንዱን ፎቶ አንሥቼ ለኃላፊው አሳይቼው ነበር» አላት በመጨረሻ። «‹የእሷ ቃል ይጸናል ተብሏል፣ ጸንቷል› አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። ልከራከርዎ ይገባኝ ነበር፣ እትዬ። ልጅ ነኝ ብዬ፣ እርስዎን አክብሬ…» ብሎኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

አክብሮት ሰው እንደሚገድል ያን ቀን ገባት። ብትረግመው በወደደች፤ የምትረግምበት ምክንያት ግን አጣች። ሳትሰናበተው ወጣች።

ወንድሟ በአሥራ አንደኛው ወር ሞተ። ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ያ ጡሩምባ ድምፅ በሹክሹክታ ብቻ ይናገር ነበር፤ ውሃ ሲፈልግ ብርጭቆውን በማንኪያ መታ መታ ያደርጋል። ሲቀበር የመሥሪያ ቤቱ ሹፌሮች አውቶብሶቻቸውን ይዘው መጥተው ከመቃብሩ ውጭ ተሰልፈው ጡሩምባቸውን አንድ ላይ ነፉለት። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እሷ ግን እንባ አልመጣላትም።

ከሳምንት በኋላ ሚስትየዋ የሟቹን ልብስ ስታስተካክል ጠራቻት። የሥራ ጃኬቱን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረችላት። «ይህ ለእርስዎ ይሁን። እናቱም አባቱም እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ባይኖሩ ያቺንም ጥቂት ዕድሜ አያያትም ነበር» አለች።

ይህን መሸከም አልቻለችም። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ወንድሟ አትንገሪያት ያላት ሁሉ ጠፋባትና፣ ጃኬቱን እንደታቀፈች ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች።

ሚስትየዋ ሸሚዝ እያጠፈች ነበር። አጥፋ ጨረሰች፣ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው፣ በመዳፏ ዳመጠችው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትላት የኖረች ሴት ቀና ብላ አየቻት።

«‹ያኔ ንጹሕ ነበር› አላልሽኝም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ብላ ጠራቻት። አልጮኸችም፣ አልረገመችም። ተነሥታ ጃኬቱን ከጉልበቷ ላይ ወሰደችና ወደ ጓዳ ገባች። እሷም ጥቂት ተቀምጣ ጠበቀች፤ የሚወጣ ሰው ሲጠፋ በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያቺን ደፍ አልረገጠችም። ልጆቹን «ሁለታችሁ ያዟቸው» ያለው ኑዛዜም ውሃ በላው።

ማይክሮስኮፑን እንድትተው ያስገደዳት የለም። እንዲያውም እሷ ልተወው ብላ ስትለምን ኃላፊው «ዓይንሽን የሚተካ ሰው የለኝም» እያለ አራት ወር አቆያት። ደም ስታይ ሁሉንም ትጠረጥር ጀመር፤ ጤነኛውን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ታስደግማለች። ሕመምተኞች ተመላልሰው ተማረሩ። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ወደ ናሙና መቀበያው መስኮት አዛወራት። እዚያ ቱቦ ትቀበላለች፣ ቁጥር ትለጥፋለች፣ ቅጽ ትሞላለች፣ ውጤት ትሰጣለች። በርጩማዋ ላይ ራሷ ያሠለጠነቻት ወጣት ተቀመጠች። «አራት ዓይና» የሚላትም ቀስ በቀስ ጠፋ፤ አዲሶቹ «የመስኮቷ እናት» ይሏታል።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ረፋድ ላይ ወረፋው ውስጥ የወንድሟን ሚስት አየቻት፤ ትልቋን ልጅ ይዛለች። ልጅቱ አድጋለች፣ ቁመቷ አባቷን ሆኗል፣ ፊቷ ግን ገርጥቷል። ተራቸው ደርሶ ከመስኮቱ ፊት ቆሙ።

«ምን ሆነች?» አለቻት።

«ይደክማታል» አለች ሚስትየዋ፤ ዓይኗን ከቅጹ ሳታነሣ።

«አክስቴ፣ ደኅና ነሽ?» አለች ልጅቱ።

«ደኅና ነኝ፣ የኔ እናት።»

ሚስትየዋ ቅጹን በመስኮቱ ሥር ገፋችላት። «ሌላ ሰው ይየው» አለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ከኋላ ያሉት ግን ሰሙ። «ይህን ብቻ ነው የምለምንሽ። አንቺ እንዳታዪው።»

«አላይም። አሁን የማየው እኔ አይደለሁም።»

ቱቦው ከመቅጃ ክፍሉ ሲመጣ ገና ይሞቅ ነበር። ቁጥር ለጠፈችበት፣ በሁለት መዳፏ መካከል ልታንከባልለው አሰበችና ተወችው፤ ለወጣቷ አቀበለቻት። ከዚያ እስከ ቀትር ድረስ ከኋላዋ የሚሰማውን ቀጭ ቀጭ ስታዳምጥ ዋለች። ሁለት ጊዜ ቆሞ ሁለት ጊዜ ቀጠለ። በተቋረጠም ጊዜ ዞራ አላየችም።

ውጤቱ ደኅና ነበር። የብረት ማነስ ብቻ፤ ክኒን የሚመልሰው። ወረቀቱን በመስኮቱ አቀበለቻቸውና «ደኅና ናት» ልትል አፏን ከፈተች። ሚስትየዋ ግን እጇን አንሥታ አስቆመቻት፤ ጎን ዞር ብላ መስመር በመስመር በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው። ያልገባትን ቃል የወረፋውን ዘበኛ ጠየቀችው። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የልጅቱን ክንድ ያዘች፣ ወደ መውጫው ሄዱ።

ቀጣዩ ሰው ቅጹን ዘረጋላት። ተቀበለችው፤ የተጻፈው ግን አልነበብ አላት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ስም?» አለችው።